የከተማ ፍሳሽ የሚናገረውና የማይናገረው



አንድ ሰው በራችሁን አንኳኩቶ «ባለፈው ወር ኮኬይን ወስዳችኋል?» ቢላችሁ ምን እንደሚባል መገመት አያስቸግርም። የወሰደም ሰው ቢሆን ሕጉን ይፈራል፣ ቤተሰቡን ይፈራል፣ «ሰው ምን ይለኛል» ይላል። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ኃጢአት ላይ የወደቀ ሰው አላህ የሸፈነለትን ገመና ራሱ አደባባይ ማውጣት እንደሌለበት ተምረናል። ተውበቱ በእሱና በጌታው መካከል ነው። እንዲህ ያለው ሰው መጠይቅ ሲደርሰው «አይ፣ አልወሰድኩም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ቢያደርግ አይገርምም።

በዚህም የተነሳ «በዚህ ከተማ ምን ያህል ዕፅ ይወሰዳል?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ የተነሱ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲቸገሩ ኖረዋል። መጠይቅ ይበትናሉ፣ ፖሊስ የያዘውን ይመዝናሉ፣ ሆስፒታል የገባውን ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው የሰውን ምላስ ያምናል፤ ሁለተኛው ከዕፁ ብዛት ይልቅ የፖሊሱን ትጋት ይለካል፤ ሦስተኛው የሚያየው እጅግ የተጎዱትን ብቻ ነው። በዚህ እትማችን የምናወራው ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ ስላለ መንገድ ነው፦ ከሽንት ቤት ወጥቶ በቧንቧ የሚሄደውን ፍሳሽ መመርመር። የሳይንስ ተማሪዎች አሠራሩ ይማርካችኋል ብለን እናስባለን። የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ወደ መጨረሻው ስትደርሱ የምትከራከሩበት አታጡም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ከየት መጣ?

በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ክርስቲያን ዶተን በ2001 አንድ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ዘመን ሳይንቲስቶች በወንዞችና በፍሳሽ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት እያገኙ ነበር፤ ሰው የዋጠው የራስ ምታት ክኒን፣ የልብ መድኃኒት ወዘተ. በሽንት ወጥቶ ወንዝ ይገባል። ዶተን ያለው እንግዲህ ይህ ለመድኃኒት ከሠራ ለአደንዛዥ ዕፅስ ለምን አይሠራም ነው። ሐሳቡን ወደ ተግባር ያወረዱት ግን ጣሊያኖች ናቸው። በሚላኖ የሚገኘው የማሪዮ ኔግሪ ተቋም ተመራማሪ ኤቶሬ ዙካቶና ባልደረቦቹ ከፖ ወንዝ ውኃ ቀዱ። ፖ ሰሜናዊ ጣሊያንን አቋርጦ የሚያልፍ ትልቅ ወንዝ ነው።

በ2005 ያወጡት ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ። ወንዙ በየቀኑ 4 ኪሎ ግራም ከሚሆን ኮኬይን የመጣ ቅሪት ተሸክሞ ይሄድ ነበር። ወደ መጠን ሲመነዘር በቀን ቢያንስ 40,000 ጊዜ ያህል መወሰድ ማለት ነው። በጊዜው ከመጠይቅ የተገኘው ይፋዊ መረጃ በዚያ አካባቢ ላሉ ወጣቶች የሚሰጠው ግምት በወር 15,000 ጊዜ ገደማ ነበር። በወር 15,000፣ በቀን 40,000! የቀድሞው ግምት በጥቂት በመቶ ተሳሳተ ማለት ሳይሆን ሌላ ዓለም ላይ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተለካው ነገር ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ልብ በሉ። በፖ ውኃ ውስጥ የተገኘው የኮኬይን ቅሪት በሊትር 25 ናኖግራም አካባቢ ነበር። ናኖግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚሆን፣ 2.5 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ የመዋኛ ገንዳ በዚያ ውኃ ቢሞላ፣ በውስጡ ያለው ቅሪት ሁሉ ተሰብስቦ የአንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ክኒን ስምንተኛ እጅ ቢሆን ነው።

ቧንቧው ውስጥ የሚፈለገው ዕፁ ራሱ አይደለም

ብዙ ሰው በስህተት የሚረዳው ነጥብ ይህ ነው። ተመራማሪዎቹ በዋናነት የሚፈልጉት ኮኬይንን ሳይሆን ሰውነት ኮኬይንን ሰባብሮ የሚያወጣውን ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ስሙ ቤንዞይልኤክጎኒን ይባላል፤ በጉበትና በደም ውስጥ ይሠራና በሽንት ይወጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ነጋዴ ፖሊስ ሲመጣበት ኮኬይኑን ሽንት ቤት ደፍቶ ውኃ ቢለቅበት፣ በፍሳሹ ውስጥ ኮኬይን በብዛት ይገኛል፤ ግን ማንም አልወሰደውም። የቤንዞይልኤክጎኒን መጠን አብሮ ካልጨመረ ዕፁ በሰው አካል አላለፈም ማለት ነው።

ናሙናው የሚቀዳው የከተማው መስመሮች ሁሉ ከሚገናኙበት ከማጣሪያ ጣቢያው መግቢያ ላይ ነው። አንድ ጠርሙስ ቀድቶ መሄድ አይበቃም። ጠዋት ሁሉም ተነስቶ ሽንት ቤት በሚገባበት ሰዓትና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያለው ፍሳሽ አንድ አይደለም። ስለዚህ አንድ ማሽን ለ24 ሰዓት በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ እየቀዳ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ላይ ያጠራቅማል። ጥሩው ማሽን ፍሳሹ ሲበዛ አብዝቶ፣ ሲያንስ አሳንሶ ይቀዳል።

ላብራቶሪ ሲገባ ናሙናው ይጣራል፣ ከዚያም የሚፈለገው ንጥረ ነገር ብቻ እንዲቀር ተደርጎ ይጠናከራል። በመቀጠል ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ ሞለኪውሎቹን አንድ በአንድ ይመዝናል፣ ይሰባብራቸዋል፣ ስብርባሪያቸውንም ዳግመኛ ይመዝናል። ክብደቱም አሰባበሩም የሚገጥመው ያው የሚፈለገው ነገር ነው። አንድ ብልሃት እዚህ ላይ አለ። ፍሳሽ እጅግ የቆሸሸ ነገር ስለሆነ በመንገድ ላይ የተወሰነው ይጠፋል፣ የመሣሪያው ንባብም ይዛባል። ይህን ለማረም ኬሚስቶቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የዚያው ሞለኪውል «መንትያ» የሆነ፣ በጠባዩ አንድ ሆኖ በክብደት ብቻ ትንሽ የሚበልጥ ንጥረ ነገር በታወቀ መጠን ይጨምራሉ። ከመንትያው ግማሹ ጠፍቶ ከተገኘ፣ ከዋናውም ግማሹ ጠፍቷል ብሎ ማስላት ይቻላል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው

ቀለል ባለ ምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለትምህርት የመረጥናቸው እንጂ የአንድ ከተማ ውጤት አይደሉም። 100,000 ሰው የሚኖርበት ከተማ አለ እንበል። ወደ ማጣሪያ ጣቢያው በቀን 20 ሚሊዮን ሊትር ፍሳሽ ይገባል። በአንድ ሊትር ውስጥ 500 ናኖግራም ቤንዞይልኤክጎኒን ተገኘ። ሁለቱን ስናባዛ በቀን 10 ግራም ይሆናል።

ሰውነት ግን የወሰደውን ኮኬይን ሁሉ ወደዚህ ንጥረ ነገር ቀይሮ አያወጣም። የጣሊያኖቹ ቡድን 45 በመቶው በዚህ መልክ ይወጣል የሚለውን ይዞ፣ የሞለኪውሎቹን የክብደት ልዩነትም አስገብቶ፣ በ2.33 ማባዛት እንደሚገባ አሰላ። 10 ግራም ሲባዛ በ2.33፣ 23.3 ግራም ንጹሕ ኮኬይን። አንድ መጠን 100 ሚሊግራም ነው ቢባል፣ በዚያች ከተማ በቀን 233 መጠን ተወስዷል ማለት ነው።

አሁን ጠንቀቅ በሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሚወጣው ከዚያ ያነሰ፣ ወደ 29 በመቶ የሚጠጋ እንደሆነ አይተው ማባዣው 3.59 ይሁን አሉ። ያው ናሙና፣ ያው 10 ግራም፣ አሁን 359 መጠን ሆነ። ላብራቶሪው አልተሳሳተም፤ ፍሳሹም አልተለወጠም። የተለወጠው «የሰው አካል ምን ያህሉን ያወጣል» የሚለው ግምት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ከተማን ከራሱ ጋር፣ ከዓመት ዓመት ማወዳደሩ ከሁሉ የተሻለ አስተማማኝ ነው። ማባዣው ትክክል ባይሆንም በሁለቱም ዓመት እኩል ስለሚዛባ፣ መጨመሩና መቀነሱ ይታያል። ፍጹሙን ቁጥር ይዞ «በከተማችን ይህን ያህል መጠን ይወሰዳል» ብሎ መማል ግን አያዋጣም።

ሌላም ጥያቄ አለ። 233 መጠን ማለት 233 ሰው አንድ አንድ ጊዜ ወሰደ ማለት ነው? ወይስ 60 የማይሞሉ ሰዎች አራት አራት ጊዜ? ፍሳሹ ይህን አይለይም። ከአንድ የጤና ባለሙያ ዓይን ሲታይ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ከተሞች ናቸው። አንደኛዋ ብዙ ቀማሽ አለባት፤ ሁለተኛዋ ጥቂት፣ ግን ሕይወታቸው በዕፁ የተያዘ፣ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉባት። ጋዜጣ ላይ «በፍሳሽ ምርመራ ይህን ያህል ሺህ ተጠቃሚ ተገኘ» የሚል ካነበባችሁ ጸሐፊው ከናሙናው ያላገኘውን ጨምሯል ማለት ነው።

ሁሉም ዕፅ ደግሞ እንደ ኮኬይን ለመለካት የተመቸ አይደለም። የካናቢስ ምልክት የሆነው ንጥረ ነገር በሽንት የሚወጣው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ እሱም ከውኃው ይልቅ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር መጣበቅ ይወዳል። ሄሮይን የባሰ ነው። ሰውነት ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል፤ ሞርፊን ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ለሕመም ማስታገሻ ይሰጣል፣ ኮዴይን ያለበትን መድኃኒት የወሰደ ሰውም ሰውነቱ ሞርፊን ይሠራል። የሄሮይን ብቻ የሆነ ምልክት አለ፤ ግን ጥቂት ነው፣ ቧንቧ ውስጥም ቶሎ ይፈርሳል። የሕዝቡ ቁጥርም ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ቀን ለሥራ መጥቶ ማታ ወደ ሌላ ከተማ የሚመለሰውን፣ ለበዓል የገባውን እንግዳ ማን ይቆጥረዋል? በኖርዌይ ኦስሎ ተመራማሪዎች ለዚህ ሲሉ የሞባይል ስልክ መረጃን ተጠቅመው በየሰዓቱ ከተማው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ለመገመት ሞክረዋል።

ከተሞቹ ምን አሳዩ?

በአውሮፓ ስኮር የሚባል የተመራማሪዎች ኅብረት በ2011 የ19 ከተሞችን ፍሳሽ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት አሠራር መረመረ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በየዓመቱ ቀጥሎ የከተሞቹ ቁጥር ከመቶ አልፏል፤ ውጤቱን የሚያሳትመው ሊዝበን የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት የዕፅ ጉዳዮች ኤጀንሲ ነው። ኮኬይን በምዕራብና በደቡብ አውሮፓ፣ በተለይ በቤልጂየም፣ በኔዘርላንድስና በስፔን ከተሞች ከፍ ይላል። ሜታምፌታሚን ደግሞ ለብዙ ዓመታት በቼክና በስሎቫኪያ ጎልቶ ቆይቷል።

የሳምንቱ ቀናት ልዩነት ሌላው አስተማሪ ነገር ነው። ኮኬይንና ኤክስታሲ ቅዳሜና እሁድ ከፍ ይላሉ፤ የጭፈራ ቤት ዕፆች ናቸው። ካናቢስና ሜታምፌታሚን ግን ሰኞም ሐሙስም ብዙ አይለያዩም። አንድ ነገር በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም እኩል ከተወሰደ ከመዝናናት አልፎ የዕለት ተዕለት ጥገኝነት ውስጥ መግባቱን ይጠቁማል። ይህን ከመጠይቅ ማውጣት አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉም እኛን የገረመን የዩትሬክት ጉዳይ ነው። በ2011ዱ ጥናት በዚህች የኔዘርላንድስ ከተማ የኤክስታሲ መጠን ከተለመደው እጅግ በዝቶ ተገኘ። ከተማው ሁሉ በአንድ ሳምንት ተጠቃሚ ሆነ እንዴ? መልሱ የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። የኤክስታሲ ሞለኪውል እንደ ሰው እጅ ቀኝና ግራ አለው፤ ሁለቱ የመስታወት ምስል ናቸው። ፋብሪካ ሲሠራው ሁለቱ እኩል እኩል ይወጣሉ። ሰውነት ግን አንደኛውን ዓይነት ቶሎ ስለሚፈጨው፣ በሽንት ሲወጣ ሌላኛው በዝቶ ይገኛል። የዩትሬክቱ ናሙና ሲታይ ሁለቱ እኩል ለማለት የሚያስችል ነበር። ማለትም ማንም አልወሰደውም፤ ተደፍቶ ነው። ነገሩ ሲጣራ ፖሊስ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በሕገ ወጥ መንገድ ኤክስታሲ የሚያመርት ቦታ ወርሮ ነበር። ያንን ልዩነት የሚያይ ባይኖር ኖሮ የዩትሬክት ነዋሪ ያለ ጥፋቱ ስሙ ይጠፋ ነበር።

ግቢ ውስጥ

ለእኛ ለተማሪዎች ቀረብ የሚለው ጥናት የተሠራው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው ፒዩጄት ሳውንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ውጤቱ በ2013 ወጣ። ዳንኤል በርጋርድና ባልደረቦቹ ከግቢው መኖሪያ የሚወጣውን ፍሳሽ በሴሚስተሩ የተለያዩ ሳምንታት ቀድተው አምፌታሚን ፈለጉበት። አምፌታሚን ትኩረት የማጣት ችግር ላለባቸው ሰዎች ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ነው፤ ሳይታዘዝላቸው ከጓደኛ ወስደው ሌሊቱን ለማጥናት የሚጠቀሙበት ተማሪዎችም አሉ። ውጤቱ በፋይናል ፈተና ሳምንት መጠኑ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ማደጉን አሳየ።

አስተውሉ፤ ፍሳሹ የታዘዘለትን ካልታዘዘለት አይለይም። ነገር ግን ሐኪም ያዘዘው ክኒን ፈተና ስለመጣ አይበዛም። ጭማሪው ከየት እንደመጣ ለመገመት ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። በእኛ አገር ግቢዎች በፈተና ሰሞን ይህን ቦታ የያዘው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጫት ይዞ ላይብረሪ አጠገብ የሚያድር ጓደኛ የሌለው ተማሪ ጥቂት ነው።

የማን ገመና?

እዚህ ጋ ብዙዎቻችሁ «ይህ ተጀሱስ አይደለም ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። በሱረቱል ሑጁራት የሰውን ድብቅ ነውር መሰለል ተከልክሏል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ያንን ለዑለማዎች እንተዋለን። ግን ጥያቄው በትክክል እንዲቀርብ አሠራሩን ማወቅ ይረዳል። የ100,000 ሰው ፍሳሽ በአንድ ጉድጓድ ሲገናኝ ማንም ማንንም አይለይም፤ የእከሌ ገመና አልተገለጠም። ይህን መሰለል ማለት ለእኛ ይከብደናል። ቀጂው ማሽን ከማጣሪያ ጣቢያው ተነስቶ ወደ አንድ ሰፈር፣ ከዚያም ወደ አንድ ሕንፃ፣ ከዚያም 40 ተማሪ ወደሚያድርበት አንድ ብሎክ እየተጠጋ ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ላይ ውጤቱ ስም ባይጠራም ጣት ይቀስራል። የዘርፉ ተመራማሪዎች ራሳቸው በ2016 ባወጡት የሥነ ምግባር መመሪያ እስር ቤት፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታን የመሳሰሉ ጥቂት ሰዎች ያሉባቸው ቦታዎች የተለየ ጥንቃቄ እንደሚሹ ያነሳሉ። እኛ ከዚያም እናልፋለን፦ ውጤቱን ይዞ ሰው የሚቀጣ አካል ባለበት፣ የአንድ ዶርም ፍሳሽ መመርመር የለበትም ብለን እናምናለን።

ትልቅ ሕዝብ ሲሆንስ ስጋት የለም? አለ። አውስትራሊያ ከ2016 ጀምሮ በመንግሥት ደረጃ ብሔራዊ የፍሳሽ ምርመራ ታካሂዳለች፤ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉን ይሸፍናል፣ ሥራውን የሚመራውም የወንጀል መረጃ ኮሚሽን ነው። በሪፖርቱ ላይ የጣቢያዎቹ ስም አይጻፍም፤ በቁጥር ብቻ ይጠራሉ፤ አንድ ሰፈር ስሙ እንዳይጠፋ። ይህ ጥሩ ነው። በ2017 ግን መንግሥት ሥራ አጥ ሆነው ድጎማ ለማግኘት ከሚመዘገቡ ሰዎች 5,000ውን ለዕፅ ለመመርመር ዕቅድ አወጣ፤ የተገኘበት ሰው የድጎማ ገንዘቡን በነፃነት እንዳያወጣ ገደብ ይጣልበታል። ቦታዎቹን ለመምረጥ ከተጠቀመባቸው መረጃዎች አንዱ የፍሳሽ ምርመራ እንደሆነም ገለጸ። በመጀመሪያ የተጠራው ቦታ የሲድኒው ካንተርበሪ ባንክስታውን ነው።

ይህን ስም ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአውስትራሊያ ትልልቅ ከሆኑት የሙስሊም ማኅበረሰቦች አንዱ የሚኖረው እዚያ ነው፤ የታወቀው የላከምባ መስጂድም በዚያው አካባቢ ይገኛል። ሃይማኖት ምክንያት ነበር እያልን አይደለም። የምንለው ሌላ ነው። ቧንቧው የሐኪሙንም፣ የነጋዴውንም፣ የሥራ አጡንም፣ ለአንድ ሌሊት የመጣውንም እንግዳ አደባልቆ ነው የሚያመጣው። ከዚያ ድብልቅ ተነስቶ ድሃውን ብቻ ነጥሎ ሽንትህን አምጣ ማለት ከናሙናው የሚወጣ መደምደሚያ አይደለም። ዕቅዱን ተፈጻሚ የሚያደርገው ሕግ በተደጋጋሚ ቢቀርብም ምክር ቤቱን ሳያልፍ ቀርቷል። የሰፈሩ ስም ግን በየዜናው ከዕፅ ጋር ሲነሳ ከርሟል።

ያው ቧንቧ ሌላ ቦታ ላይ ያደረገውን ደግሞ እዩ። በ2013 በደቡብ እስራኤል፣ ሙስሊም በደዊዎች በሚኖሩባት ራሃት ከተማና በአካባቢዋ ፍሳሽ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። አንድም ሕፃን ሽባ አልሆነም ነበር፤ ቫይረሱ ግን ሳይታይ እየተዘዋወረ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጉ ሕፃናት የፖሊዮ ጠብታ ተሰጠ፤ ሽባ የሆነ ልጅ ሳይመዘገብም ወረርሽኙ አለፈ። በኮቪድ ጊዜም ኔዘርላንድስን ጨምሮ በብዙ አገር በዚሁ መንገድ ቫይረሱን ተከታትለዋል።

እኛ አገርስ?

«ታዲያ የጫት ጥናት በዚህ ለምን አይሠራም?» የሚል የፋርማሲ ወይም የኬሚስትሪ ተማሪ ካለ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሁለት ትልልቅ ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛው የኬሚስትሪ ነው። የጫት ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ሰውነት በአብዛኛው ቀይሮ የሚያወጣው ኖርኤፌድሪን አድርጎ ነው። ይህና ካቲን የተባለው ዘመዱ ደግሞ ከአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ የጫቱን ከመድኃኒቱ ለመለየት ከአንድ በላይ ምልክት አብሮ መለካት ግድ ይላል። ጫት በአገራችን ሕጋዊ ነው፤ ኔዘርላንድስ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ስላገዱት እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በብይኑ ላይ ዑለማዎች የሚሉትን እዚህ አናነሳም፤ የፍሳሽ ቁጥር ብይን አይሰጥም።

ሁለተኛው ችግር ከላብራቶሪም በፊት የሚመጣ ነው። ሒሳባችን የቆመው ሁሉም ፍሳሽ በመስመር ተጉዞ አንድ ቦታ ይገናኛል በሚል ነበር። በአገራችን አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ በከተማም ብዙ ግቢ የራሱ ሴፕቲክ ታንክ አለው፣ ሲሞላ መኪና መጥቶ ይመጠዋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ በመስመር የተያያዙት የተወሰኑ ሰፈሮችና ኮንዶሚኒየሞች ናቸው። ከቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ የሚቀዳ ናሙና ስለ እነሱ ይናገር እንደሆነ እንጂ ስለ ከተማው ሁሉ አይናገርም፤ ስለ ሐረርጌ ወይም ስለ ጅማ ገጠርማ ጨርሶ። ከታንክ በሚመጠጥ ቆሻሻ ላይ መሞከር ይቻላል የሚል ቢኖርም፣ እዚያ ውስጥ ያለው የወራት ክምችት ስለሆነ የትኛው ቀን የስንት ሰው እንደሆነ ማወቂያ የለውም። ሁሉም ሕንፃ በአንድ መስመር የሚገናኝበት ግቢ ደግሞ ለዚህ ሥራ እጅግ ምቹ ነው፤ ከላይ በጠቀስነው ምክንያትም ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው እሱ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው በእኛ አገር ዋናው መሣሪያ ያው መጠይቁ ነው። የጤና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወረቀት ይዘው ዶርማችሁ ሲመጡ፣ ስም የማይጠይቅ መሆኑን፣ የስምምነት ገጽ እንዳለውና መልሱን ማን እንደሚያየው ጠይቁ። መመለስ ካልፈለጋችሁ ባዶውን መመለስ መብታችሁ ነው፤ ተመራማሪውም ባዶ ወረቀትን ከሐሰት መልስ ይመርጣል፤ ባዶውን ቢያንስ ለይቶ መቁጠር ይችላል።